የሰመጠው ወፍጮ ቤት የመጨረሻ ቁልፍ

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ፕሮፌሰር» ነው የሚሉት። ተምሮ አይደለም፤ ፕሮፌሰርነቱ የዳንጀን ነው። ዳንጀን ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ጌም ውስጥ ጀግናው የሚገባበት የምድር ቤት ነው፤ ክፍሉ ብዙ፣ በሩ ሁሉ የተቆለፈ፣ ቁልፉ የተደበቀ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ግዙፍ አውሬ የሚጠብቅበት። «ፋኖስ ያዡ» የሚባል ጌም አለ፤ እሱ ልጅ ሳለ የተጀመረ፣ ዛሬም በየጊዜው አዲስ ክፍል የሚወጣለት። በዚያ ሁሉ ዘመን የወጡትን ዳንጀኖች ፕሮፌሰር አንድ በአንድ በቃሉ ያውቃቸዋል። ፊት ለፊቱ የሚኖረውን ጎረቤቱን ስም ግን እስካሁን አልያዘውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቹ ስለ ኳስ ሲያወሩ እሱ ስለ ዳንጀን ያወራል። አንደኛ የሰመጠው ወፍጮ ቤት ነው ይላል፤ ውሃውን ከፍ ስታደርገው የነበረው መንገድ ይጠፋል፣ ያልነበረው ይከፈታል፣ ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ ይላል። ሁለተኛ የተገለበጠው የሰዓት ማማ። የሁሉም መጨረሻ የሰም ቤቱ ነው፤ የሰም ቤቱን የሠራውን ሰውዬ መንገድ ላይ ቢያገኘው እጁን አይጨብጠውም። አንድ ቀን አንዱ ባልደረባው ለወግ ያህል «የሰም ቤቱ ደግሞ ምን አደረገህ?» ብሎ ጠየቀው። ምስኪን! ምሳው ቀዝቅዞ፣ የሥራ ሰዓት ደርሶ፣ እስከ ጣሪያው ሞተር ክፍል ድረስ ማብራሪያው ተከተለው። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። ፕሮፌሰር ግን ዝምታቸውን እንደ መስማማት ነው የቆጠረው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከሚስቱ ጋር የተለያዩት በጌም ምክንያት አይደለም። ይህን በኩራት ይናገራል፤ እውነተኛው ምክንያት ከዚያ የባሰ መሆኑን ግን አይጨምርም። «አልቅሼ ሳልጨርስ መፍትሔ ትሰጠኛለህ» ትለው ነበር ሚስቱ። እሱ ምን ያድርግ? ተይዞ የቀረ ሰው ማየት አይችልም። ሥራውም ይኸው ነው፤ ሁለት ፎቅ መሃል የቆመ ሊፍት ውስጥ ሰው ሲጮህ፣ በሩን ፈልቅቆ ማውጣት ነው እንጂ «እስኪ የተሰማህን ንገረኝ» አይባልም። ችግሩ፣ ቤቱም ሲገባ ሁሉም ሰው ሊፍት ውስጥ የታሰረ ይመስለዋል።

ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ ትመጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአፏ ቃል ለማውጣት በር ከመፈልቀቅ ይከብዳል። ስለ ትምህርት ቢጠይቃት «ደህና ነው»፣ ስለ ጓደኞቿ ቢጠይቃት «ደህና ናቸው»። ፋኖስ ያዡን ሲከፍቱ ግን ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ጆይስቲኩን ትይዛለች፣ እሱ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ቀኑም በሰላም ይመሻል። በሰላም የሚባለው እሱ አፉን ከያዘ ነው። መንገዱን እንዳይነግራት ቃል አስገብታዋለች፤ ስለዚህ አይነግራትም፣ ይስላል። ትክክለኛውን በር አልፋ ስትሄድ ኡሁ ኡሁ ይላል። «አባዬ፣ ጉንፋንህ ካርታ ያውቃል» አለችው አንዴ፤ እሱ እንደ ምስጋና ወሰደው።

ሰሞኑን የሰመጠው ወፍጮ ቤት ደርሳለች። የሱ አንደኛ! እሱ እንደሆነ ሊፈነዳ ነው። እሷ ግን ቅዳሜ መጥቶ ቅዳሜ ሲሄድ እዚያው ናት፤ አንድ የመጨረሻ ቁልፍ ቀርቷታል። ቁልፉ ያለው ከትልቁ መዘውር ሥር፣ አንዲት ጓዳ ውስጥ ነው። በጓዳዋ በር ላይ ታልፋለች፣ ተመልሳ ታልፋለች፣ ውሃውን ከፍ ታደርጋለች፣ ዝቅ ታደርጋለች፣ ዓሣዎቹን ቆማ ታያለች። ፕሮፌሰር ስሎ ስሎ ደረቱን አመመው።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ደወለች። ልጅቷ አድጋለች፣ ጓደኞችም ጥናትም አላት፣ ካሁን በኋላ ቅዳሜን የት እንደምታሳልፍ ራሷ ትወስን ብለን ተነጋግረናል አለችው። በክፋት አልነበረም የነገረችው። «አንተም አታስጨንቃት» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ለሰውየው ያለችው እሷው አንዲት ልጁ ናት፤ ቅዳሜ ከቀረች ከሳምንቱ የሚተርፈው ሊፍት ብቻ ነው። አሰበ፣ አሰበና እንደ ልማዱ መፍትሔ አገኘ። ልጅቷ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተይዛ ቀርታለች፤ የተያዘ ሰው ይሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው አይመጣም። ስለዚህ ማውጣት ነው። ዓርብ ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣ፣ ልጁ ሴቭ ያደረገችውን፣ ያቆመችበትን ቦታ የያዘውን፣ ከፈተ፣ ጓዳዋ ገብቶ ቁልፉን አነሳ፣ የቀሩትን በሮች ሁሉ ከፈታቸው። የጀግናውን ጤና ሞልቶ፣ ፋኖሱን ዘይት አጠጥቶ፣ አውሬው በር ላይ አቁሞ ሴቭ አደረገው። አውሬውን ለሷ ተወላት፤ እሱም ሰው ነውና ይሉኝታ አለው። የዚያን ዕለት ካወጣቸው ሰዎች ሁሉ በልጁ መውጣት ኮራ።

ቅዳሜ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ከፈተችው። ጀግናው የአውሬው በር ላይ ቆሟል።

እሱ ጀመረ እንግዲህ። አይዞሽ፣ ከባዱን ጨርሼልሻለሁ አለ፤ የዚህ ዳንጀን ውበቱ መጨረሻው ላይ ነው አለ፤ አውሬውን በምን እንደሚመቱትም ሳይጠየቅ ነገራት። እሷ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቁልፉ የት እንዳለ አውቅ ነበር» አለች።

ፕሮፌሰር አልገባውም። ታዲያ ካወቅሽ ለምን አላነሳሽውም፣ በሩ ላይ ስንት ጊዜ አለፍሽ አላት።

«ሲያልቅ ምን ብዬ ነው የምመጣው? እማዬ ዛሬም መሄድ አለብሽ ወይ ስትለኝ፣ አባዬ ጋ ያልጨረስኩት ዳንጀን አለ ነው የምላት። አባዬ ጋ መሆን እፈልጋለሁ ካልኳት ይከፋታል።»

እሱ ከሰመጠ ወፍጮ ቤት አወጣኋት ሲል፣ ለካስ እሷ እዚያ ውስጥ ሆና ደጁን ክፍት አድርጋ ስትጠብቀው ኖሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄኛው ግን የሚለቀምም አይደለም። ምን ዓይነት አባት ነው፣ የልጁን ሰበብ በገዛ እጁ በር በበር እየከፈተ የሚጨርስ? አፉን ከፈተ። እና ከአፉ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መፍትሔ! የድሮው ሴቭ ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደሆነ ልፈልግልሽ፣ ካጣሁትም ወደ ሰዓት ማማው... እያለ ሲቀጥል የልጅቷን ዓይን አየ። እንባ አቅርሯል። ያኔ አቆመ።

«መፍትሔ የለኝም» አላት። «አበላሸሁት። ቅዳሜ ካልመጣሽ ግን በጣም ነው የሚከፋኝ። ይህን ብቻ ነው የማውቀው።»

ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ጆይስቲኩን አነሳችና ሴቭ ያደረገችውን ሁሉ አጠፋችው፤ የስንት ቅዳሜ ድካም! ፕሮፌሰር ወሽመጡ ቁርጥ ቢልም ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ከመጀመሪያው ጀመረች። የመጀመሪያው ዳንጀን ለማለማመጃ የተሠራ ነው፤ ክፍሉ ሦስት፣ ቁልፉ አንድ፣ እሱም መሬት ላይ የተጣለ። ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ይጨርሰዋል። እሱ አልሳለም፤ ዝም አይነቅዝም።

አመሻሹ ላይ እናቷ ደወለች። ልጅቷ አንድ እጇን ጆይስቲኩ ላይ አድርጋ አነሳችው። አዎ እማዬ፣ አዲስ ጀምሬ ነው፣ በጣም ከባድ ነው፣ ቁልፉን ላገኘው አልቻልኩም፣ የሚመጣው ቅዳሜም ሳልመጣ አልቀርም አለቻት። ሰውየው ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። ቁልፉ ጥግ ላይ፣ ከጀግናው ዕቃ ጋር፣ ቦግ ብሎ ይታያል። ከያዘችው ቆይታለች።

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ ራቅ አድርጋ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባትሽ አያውቀውም ወይ ትላለች» አለችው።

ፕሮፌሰር ቁልፉን አየው፣ ልጁን አያት።

«እሱም አላወቀውም በያት» አለ።