ቀዩ ሳምንት

ማቀዝቀዣችን በር ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ በሦስት ቀለም የተቀባ ነው። ቀዩ የልጄ የትምህርት ቤት እረፍት፣ ሰማያዊው የእኔ የዓመት ፈቃድ፣ አረንጓዴው ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሩ ባሌ እቤቱ የሚያድርበት ቀን ነው። አረንጓዴውን ተዉት፣ በመከራ ነው የሚገኘው። ቀዩና ሰማያዊው ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንዴም ተገናኝተው አያውቁም። እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ለምን ይገናኙ እንደምል ልናገር። እናቴ የስምንት ዓመት ልጄን በአካል አይታት አታውቅም። ልጅቷ እዚህ ሰው አገር ተወልዳ እዚህ አደገች። እማዬን ደግሞ ስኳሩ ዓይኗን እየጋረደባት ነው። "ዓይኔ ሳይጠፋ አምጪልኝ፣ ፊቷን ልያት፣ ከዚያ የፈለገው ይሁን" ብላኛለች። ይህን ያለችኝ አምና ነው።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ ስናጥብ፣ ስንተኩስ፣ ስናጥፍ እንውላለን። ፈቃድ የሚያዘው በዓመቱ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። በአንድ ሳምንት ከሁለት ሰው በላይ አይወጣም፣ ቅድሚያው ደግሞ ለነባር ሠራተኛ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ የተረፈው ሳምንት ማንም የማይፈልገው፣ ልጆች ሁሉ ክፍል ውስጥ የሚሆኑበት ነው። አለቃችንን በሌሉበት "አቶ ሰንጠረዥ" እንላቸዋለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ሞኝ አይደሉም፣ ወረቀታቸውን ግን አይለቁም።

ዘንድሮ ተሳካልኝ። ካውያ ላይ የምትሠራውን ባልደረባዬን ለመንኩ፣ አባበልኩ፣ መጨረሻ ላይ የሦስት ወር እሑዶቿን ልሠራላት ተስማምተን ሳምንቷን ለቀቀችልኝ። ሦስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ አንሶላ አጠፍኩ። ልጄም ለአያቷ የምትላትን ስታጠና ከረመች። "እማማ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ" ማለት ነው ያለባት። ምላሷ እምቢ እያላት "መታሁ" ትላለች። ማንን ነው የመታሽው እያልኩ አበሽቃታለሁ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላከ። የውኃ ቧንቧ ስለሚጠገን እረፍቱ በሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይጀምራል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። ምኑን ነው የተባበርኩት?

አቶ ሰንጠረዥ ጋ ሮጥኩ። በእርሳሳቸው ጫፍ አዲሱን ሳምንት ነካ አድርገው "ሞልቷል" አሉኝ፣ በቃ። ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ደህና ሴት ናት፣ ወንበር ስባልኝ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

"በትምህርት ጊዜ ፈቃድ የምንሰጠው የቅርብ ዘመድ ሲሞት ብቻ ነው" አለችኝ። "ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ያውም ሟቹ ካረፈ አሥር ቀን ሳያልፍ። እንዲሁ ከቀረች ቦታዋ ወረፋ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጣል።"

"ስለዚህ እናቴ በሕይወት ስላለች ነው ያልተፈቀደልኝ?"

ደንቡ የተጻፈበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እኔም አልፈረድኩባት።

እቤት ገብቼ ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ከእማዬ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሷን ማግኘት ራሱ ፈተና ሆኖብኝ ነበር። ስደውል ተኝታለች፣ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ ስልኩ ድምፁ አይሰማትም፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። የዚያን ቀን ግን የምፈልገው እሱን ነበር።

"ስማኝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እንዳትቆጣ" አልኩት። "እማዬ ሞታለች የሚል ወረቀት አሠርተህ ላክልኝ። ማኅተም ያለው ይሁን።"

አፌን በቆረጠው። በገዛ እናቴ ላይ ሳሟርት ምላሴ አልተያዘም። የስድብ መዓት ያወርድብኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት አይወድም። እሱ ግን አልተቆጣም።

"እታለም" አለኝ፣ "እልክልሻለሁ።"

"እማዬ እንዳትሰማ፣ አደራ።"

"አትሰማም።"

በማግሥቱ የወረቀቱ ፎቶ ስልኬ ላይ ገባ። የእማዬ ሙሉ ስም፣ የሐኪም ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ ምንም አልቀረውም። ይሄ ልጅ ለካ ሲፈልግ ይችላል አልኩ። ቀኑን ሳየው ግን ደሜ ፈላ። ሁለት ወር ያለፈው ቀን ነው የተጻፈው። ወዲያው ደወልኩ።

"አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር በወጉ መሥራት አትችልም? ቀኑን አሳስተሃል። አሥር ቀን ካለፈው አይቀበሉኝም። አስተካክለህ ላክ።"

"እታለም፣ ሰው አለ አጠገብሽ?"

"ልጄ አለች። ቀኑን አስተካክል ነው የምልህ።"

"ቀኑ ልክ ነው" አለኝ።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እሱ እያለቀሰ ያወራል። ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ለእኔ ስለ መንገር መክሮ ነበር አለኝ። ባሏ መንገድ ላይ ነው፣ ደግፎ የሚይዛት የለም፣ በስልክ እንዴት ይነገራታል፣ በልጅቷ እረፍት መምጣቷ አይደል፣ ያኔ እቤቷ ገብታ ትስማ ተባለ። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። እነሱም ያችኑ ሳምንት ምልክት አድርገው ቀን ሲቆጥሩ ነበር። አንሶላ ካጠፍኩባቸው እሑዶች የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ለሞተ ሰው ነበሩ።

"መጨረሻ ላይ ታይ ነበር?" አልኩት።

"ትንሽ ትንሽ ታይ ነበር። ፊት ትለይ ነበር።"

ሊያጽናናኝ ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ስልኩን ዘጋሁት።

በማግሥቱ የወረቀቱን ፎቶ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምን ይሠራልኛል ብዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ እግሬ ወሰደኝ። የተጻፈውን ለጸሐፊዋ ተርጉሜ አነበብኩላት። እሷም እጄን ያዘች፣ እንባዋም መጣ። ቀኑ ጋ ስደርስ እጄን ለቀቀችው።

"አሥር ቀን አልፎታል" አለችኝ ቀስ ብላ።

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ስመለስ ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ የቀን መቁጠሪያው ፊት ቆማለች፣ ቀዩ ቀለም እጇ ላይ ነው።

"እማ፣ አዲሱን ሳምንት ልቀባው?"

"ቀቢው" አልኳት።

እየቀባች ለራሷ ታወራለች። "እማማ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ" አለች፣ አጥርታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰማሽኝ ብላ ዞራ አየችኝ። ጎበዝ አልኳት። እረፍቷ ሲደርስ እነግራታለሁ ብዬ ዝም አልኩ።