የሠርክ ቅቤ

ድመት አይጥ ካልያዘች ምኗ ድመት ነው? ጌጤ የምታውቀው ይህን ነበር። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር፣ እንግሊዛዊቷ ሚሲስ ሆልት ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች ወዲህ ግን ጉድ አየች። የእመቤቲቱ ድመት ፊቷ ድፍጥጥ ያለ፣ ፀጉሯ መሬት የሚጠርግ፣ ራሷን ልሳ እንኳ የማትጨርስ ቅምጥል ናት። ሚሲስ ሆልት እንዳወራችላት ዘሯ ከፋርስ ነው፤ አያቶቿን ነጋዴዎች ወደ አውሮፓ አሻገሯቸው፤ አፍንጫቸውን እንዲህ ያሳጠሩት ግን እንግሊዞች ናቸው፣ እየመረጡ በማዳቀል። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮላታል። በአውሮፕላን ስትመጣም የራሷ ወረቀት ነበራት።

የጌጤ ልጅ ሠርክ ወረቀት የላትም። ደርግ አባቷን ከገደለባት ወዲህ ድንበር ተሻግራ፣ በኬንያው ሞያሌ ነጋዴው አብዱልፈታ ቤት ተጠግታለች። ወደ ናይሮቢ እንዳትመጣ በየኬላው ፖሊስ አለ። የነጭ መኪና ግን ማን ይፈትሸዋል? ሚስተር ሆልት ሰኞ ለሥራ ሞያሌ ይሄዳል፤ ሚስቱ ለምናው ልጅቷን ይዟት ሊመጣ ቃል ገብቷል። ጌጤም ለልጇ ፀጉር ብላ ለጋ ቅቤ በጣሳ አስቀመጠች።

እሁድ ድመቷ ለድመቶች የቁንጅና ውድድር ልትቀርብ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ሞምባሳ ሳሉ ግን ዓርብ ዕለት ቅምጥሊቱ አምልጣ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለች። ፀጉሯ ተቋጠረ፤ በማበጠሪያ ሲነኳት ትቧጭራለች። ወይ ጣጣ! እመቤቲቱ ተቆጥታ ያን ቃል ብታስቀርስ? ጌጤ ጨነቃት። የተቋጠረ ፀጉር በምን ይፈታል? በቅቤ ነዋ። የልጇን ጣሳ ከፍታ ድመቷን ከአናቷ እስከ ጅራቷ ቀባቻት፤ ቅቤው እንዲጠጣላት ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻት።

ቅዳሜ ሚሲስ ሆልት ስትመለስ ፀጉሩ ተለጣጥፎ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ጠበቃት። የእንስሳ ሐኪሙ ሊያጥባት ቢሞክር አልሆነለትም፤ እስከ ቆዳዋ ላጫት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ዕቃሽን ሰብስቢ ብቻ አለቻት። ጌጤ እግሯ ላይ ወድቃ ልጄን ብቻ ብላ ለመነች፤ የሚሰማት አልነበረም። ሰኞ ማለዳ መኪናው ሲወጣ ከመንገዱ ዳር ቆማ ነበር፤ ሚስተር ሆልት ዞርም አላለ።

እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ የአገሯ ሰው ቤት ተጠጋች። በሳምንቱ አብዱልፈታ ሸቀጥ ሊወስድ ከሞያሌ መጣ። ነጩ ሰውዬ በደጃቸው ሲያልፍ ሠርክ ከኋላው እየሮጠች እንደቀረች ነገራት።

"ሹሩባዋን ፈትታ ነው የምትጠብቅሽ" አላት። "ቅቤ የምትቀባኝ እማዬ ናት ብላ ሰው አላስነካ አለች።"

ጌጤ ከጓዟ መሐል የቅቤውን ጣሳ አውጥታ ከፈተችው። ባዶ ነው።