ያንቺ ደም ነው

ኧረ በአላህ! ወላሂ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እህቴ ሰዒዳ አራት ዓመት ሙሉ «ያንቺ ደም ነው» ስትባል ኖራ፣ ጭራሽ ትፈታ አትፈታ ተብሎ ሽማግሌ ይሰብሰብባት!

ልጇ ዓፊያ ከተወለደች ጀምሮ እጆቿ ትናንሽ ናቸው፤ አፍ አልፈታችም። አማቷ እማማ ሀዲጃ እህቴ ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለው ደመደሙ። ወሬው ከከሚሴ አልፎ ጨፋ ሮቢት ገበያ ደረሰ። አሁን ደግሞ ልጃቸው አንዋር ሰዒዳን ፈትቶ ሌላ እንዲያገባ ፈለጉ።

እኔ መሊካ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ እርሾ ላይ ነው የማጠናው። ለሽምግልናው ስል በስንት ልመና ፈቃድ አግኝቼ መጣሁ። እንደ ወጉ ዱዓ ተደረገና አባጋሩ፣ አስታራቂያችን ሼህ ሸምሱ፣ «እስቲ የተማረችው ትናገር» አሉ።

«በሰውነታችን ባለ በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ አንድ ነው» አልኩ። «የዓይኑም የጉበቱም የያዘው ያንኑ ነው። የቱ ይነበብ፣ የቱ ይታለፍ የሚሉት ተሰባስበው የሚሠሩ ፕሮቲኖች ናቸው። የማሽላ አጨዳ ደቦ በሉት። አንዱ ሲቀር የሌላውም ሥራ ይጓተታል። ዓፊያም ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ስለጎደላት መነበብ ያለበት በወጉ አልተነበበም። እኔ ይህንኑ ደቦ እርሾ ውስጥ አየዋለሁ፤ እርሾም ሰውም...»

እማማ ሀዲጃ ብድግ አሉ። «የልጅ ልጄን ከሊጥ እርሾ ጋር? ቀብጠሻል!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ ደግሞ ነደደኝ። «አላህ በትንሹም በትልቁም ፍጡር አንድ አሠራር ቢያኖር ምኑ ነው የሚያስነውረው?»

ሼህ ሸምሱ እጃቸውን አነሱ። «ጥፋቱ ከማን መጣ? እሱን ንገሪን።»

«ከማንም! ልጅቷ ስትፀነስ አዲስ የተፈጠረ ስህተት ነው። የሦስቱም ደም ተመርምሯል፤ እናትም አባትም ምንም የለባቸውም። ሐኪሙ ሲነግረን ሰዒዳም፣ አንዋርም፣ እኔም ነበርን። ሰዒዳ ቤት ገብታ ብትናገር እማማ ሀዲጃ “ራስሽን ለማዳን ነው” አሏት። አንዋር እዚያው ቁጭ ብሎ ዝም!»

ሼህ ሸምሱ ወደ አንዋር ዞሩ። «ዱጋ ዳ? እውነት ነው?»

አንዋር መሬት መሬት እያየ «እውነት ነው» አለ። «እናቴን በሰው ፊት ማሳፈር ከብዶኝ ነው።»

ከበደው! ሱብሃነላህ! እህቴ በየቀኑ ስትዋረድ ሲያይ ግን ምንም አልከበደውም። ባልቀመጥ ኖሮ ምን እናገር እንደነበር እንጃ። እማማ ሀዲጃ ልጃቸውን አፍጥጠው ያዩታል።

ሼህ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሰዒዳ ጥፋት የለባትም። ወደ ቤቷ ትግባ፤ አንዋርም ይቅርታ ይጠይቅ።» ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም አሚን ለማለት ተዘጋጀ።

ጥግ ተቀምጣ ስታዳምጥ የነበረችው ሰዒዳ ዓፊያን አዝላ ተነሳች።

«ሼህ ሸምሱ፣ ይቆዩኝ» አለች። «እማማ እውነት መሆኑን አያውቁም ነበር፤ አፉ ብያቸዋለሁ። እሱ ግን ያውቅ ነበር። አፋቱኝ።»