በላፓዝ ሰማይ ላይ የተላለፉት ባልና ሚስት

ኤቢሳ ከአምቦ ባኮ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መሪ ካልያዘ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይሆንለትም። የሠርጉ ዕለት እንኳ ሙሽራ ሆኖ ከኋላ ተቀምጦ፣ የፊቱን ሹፌር «ማርሽ ቀይር እንጂ ወንድሜ!» እያለ ሙሽራይቱን ሲያስቃት ነው የዋለው። ሙሽራይቱ መቲ አምቦ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ የድንች ዘር ላይ ነው። ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ የድንች ስልጠና ደረሳት። የት? ደቡብ አሜሪካ፣ ቦሊቪያ፣ ላፓዝ በምትባል ከተማ። ዘመድ አዝማዱ ተረባርቦ ለኤቢሳም ቲኬት ቆረጠለትና «ጫጉላችሁን እዚያው ጨርሱ» ብሎ ሸኛቸው።

ላፓዝ ወንጪ ተራራ አናት ላይ የተቆረቆረች የምትመስል ከተማ ናት። ትንሽ ደረጃ ከወጡ ልብ አፍ ላይ ትደርሳለች። መቲ ስልጠና ስትውል ኤቢሳ በሆቴሉ መስኮት የሰው አገር ሹፌሮች ሲጠማዘዙ እያየ ቆየ። እሑድ ሲመጣና አብረው ሲወጡ እንደ ጥጃ ፈነጠዘ።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ገና ሲቆምላቸው ክንዷን ጨበጣት።

«መቲ፣ ስሚ! ወያላ አላቸው!»

እውነትም አንዲት ወጣት ከሚኒባሱ በር አንገቷን አውጥታ የሰፈር ስም እያከታተለች ትጣራለች። ኤቢሳ ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ አልቻለም። በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ጉደር! እጃጂ! ባኮ፣ ባኮ፣ ባኮ!» ሲል ለቀቀው። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ወያላዋ ዞር ብላ አየችውና እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ባኮ!» አለች። አንድ ሽማግሌ ባኮ የት እንደሆነ ሊጠይቁ ይሁን ሊወርዱ ባይታወቅም ብድግ ብለው ሹፌሩን አነጋገሩት።

«አንተ ሰው፣ ልታሳስረን ነው!» አለች መቲ፤ ግን ከሳቋ የተነሳ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

ወርደው ገበያ ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ክብ ባርኔጣ አናቷ ላይ ያስቀመጠች ሴት የተቀቀለ በቆሎ ከአይብ ጋር ትሸጣለች። ፍሬው አንዱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። የበቆሎ አገር ተወልዶ ያደገው ኤቢሳ እያገላበጠ አየው።

«ይኼን ባኮ ብናገር ማን ያምነኛል?»

«ብላው እንጂ፤ ምስክር አያሻውም።»

በቆሏቸውን እንደያዙ ወደ ኬብል ካሩ ሄዱ። ላፓዝ ውስጥ ሰው ሥራ የሚሄደው፣ ገበያ የሚወጣው በገመድ ላይ በተንጠለጠለ የመስታወት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ጣቢያው ላይ አይቆምም፤ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ሳለ ዘለው ይገቡበታል። ኤቢሳ ዘሎ ገባ። መቲ ነጠላዋን ስትሰበስብ በቆሎዋ ወደቀባት፤ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል በሩ ግጥም ብሏል።

«መቲ! ኮቱ!» አለ ባሏ መስታወቱን እየደበደበ። መምጣትስ በምን ትምጣ? ሳጥኑ ተነሥቶ ሄደ።

የኤቢሳ ስልክ ከሆቴሉ ዋይፋይ ውጭ አይሠራም። ከሥሩ ከተማው ወረደ፤ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ኳስ የሚራገጡ ልጆች፣ አጥር ላይ የተኛ ድመት። ቀኝ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ተጫነ። ፍሬን እየፈለገ ነበር። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ እናት እግሩን አይተው ገባቸው መሰል፣ ጉልበቱን መታ መታ አድርገው የተቆላ ባቄላ ዘገኑለት።

ላይ ደርሶ ጠበቃት። ብትቀርበት፣ ታች ቆማ እያለቀሰች ይሆናል ብሎ ተመልሶ ተሳፈረ። መንገዱን ሲያጋምስ ከታች አንድ ሳጥን መጣ፤ ውስጡ ነጭ ነጠላ። መቲ! እየወጣች ነው! ሁለቱም ተነሥተው መስታወቱን ደበደቡ፣ ሁለቱም ጮኹ፣ ሁለቱም ምንም አልሰሙም። ተላለፉ።

ኤቢሳ ታች እግሩ መሬት ከመንካቱ ዞሮ ወደ ላይ ተሳፈረ። ታዲያ መቲስ ምን አድርጋ ይሆን? እሷም ላይ ደርሳ ዞራ ወደ ታች ተሳፍራለች። እዚያው አየር ላይ እንደገና ተገናኙ። በዚህኛው ጊዜ መቲ በሳቅ ተጣጥፋ ነበር፤ እንደምንም ቀና ብላ ሁለት መዳፏን ዘረጋችና «ቱሪ!» አለችው። ባይሰማትም ከከንፈሯ አነበበው፤ ቆይ፣ አትንቀሳቀስ ማለቷ ነው። በእሷ ሳጥን ያሉት ሰዎችም፣ ሽማግሌው ሴትዮዋ ሁሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው «ቱሪ! ቱሪ!» ይሉታል። አስተምራቸዋለች ማለት ነው።

ኤቢሳ ላይ ወጥቶ እንደ ችካል ቆመ። ብዙ ሳይቆይ መቲ ታች ደርሳ ተመልሳ ከሳጥኗ ወረደች፤ መጨረሻውን ለማየት አብረዋት የተመለሱትም ወርደው አጨበጨቡላቸው። ደረቱን በቡጢ መታችውና ትከሻው ላይ ተደገፈች።

«ባል አገባሁ ብዬ መንኮራኩር!»

«አንቺ ነሻ ለበቆሎ ጎንበስ ያልሽው!»

ከጣቢያው ሲወጡ አደባባዩ ላይ ጥሩምባና ከበሮ የያዘ የሙዚቃ ጓድ ሰልፍ ይዞ ይመጣል፤ ከኋላው ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ይሽከረከራሉ። አንዷ የመቲን እጅ ይዛ ጎተተቻት፤ መቲ ኤቢሳን ጎተተችው። ከበሮው ምቱ ሌላ ቢሆንም ኤቢሳ በአገሩ ረገዳ ገባበት፤ መሬቱን በእግሩ እየደለቀ፣ አንገቱን እየወዘወዘ። ጥሩምባ ነፊው እየሣቀ ዜማውን አፈጠነለት፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው አጀቡት።

ብዙ አልዘለቁም። አየሩ አልበቃ ብሏቸው ሁለቱም የአደባባዩ ጠርዝ ላይ ዝርግፍ አሉ። ፊት ለፊታቸው በረዶ የለበሰው ተራራ በማታዋ ፀሐይ ቀልቷል።

«ነገ ስልጠና አለኝ እኮ» አለች መቲ፣ ትንፋሽዋን እየሰበሰበች።

«የነገው ለነገ» አለ ኤቢሳ። «አሁን ተነሺ፤ እየራቁብን ነው።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሙዚቃው ኋላ ሮጡ።