ሙት ነሽ የተባልኩበት ፈተና

አምበር በምትባል ትንሽ ከተማ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ሆደ ሰፊ ነኝ ብዬ ግን አልዋሽም። ርዕሰ መምህራችን ቤተ ሙከራዬን ለመጋዘን ተመኝቶት ቁልፉን ወሰደና፣ «የኦንላይን ስልጠናውን ካለፍሽ ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ወንበር እናከማችበታለን» አለኝ። ወንበሩ ደግሞ ሁሉም እግሩ የተሰበረ ነው። ንድድ አለኝ፤ እልህም ያዘኝ።

የስልጠናው የመጨረሻ ፈተና በስልክ ቪዲዮ በቀጥታ የሚታይ ትምህርት ነበር፦ ድምፅ ንዝረት መሆኑን በአካባቢ ቁሳቁስ ማሳየት። ትምህርት ቤታችን ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚረጋው ጉብታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። እዚያው ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ደግሞ ተማሪዎቻቸው የሚለማመዱባቸው ሁለት ከበሮዎች አሏቸው፤ ሄጄ ለመንኳቸው።

«የኔታ፣ አንዱ ላይ ጤፍ እበትናለሁ። እርስዎ አጠገቡ ያለውን ሲመቱልኝ፣ ጤፉ ሳይነካ ይዘላል።»

«ሳይነካ?» አሉና ጢማቸውን ዳበሱ። «እስቲ እናያለን። ይምቱ ስትይኝ እመታለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት አጥሩ ሥር የኔታን ከአንዱ ከበሮ ጋር አስቀምጬ፣ ሌላው ላይ ጤፉን በትኜ፣ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። አምሮብኝ ተናገርኩ፤ እጄ ሳይቀር ያስተምር ነበር። ገዳሙ የሚባለው አሰልጣኛችን ስልኩ ላይ ያየኛል፤ ፊቱ ግን ምንም አይነበብበትም። በመጨረሻ፣ «አሰገደች፣ ሚውት ነሽ» አለ።

ለካ ስልኩ ላይ ድምፄን ዘግቼ ኖሯል፤ ሚውት ማለቱ ይህንኑ ነው። ሚውት የምትባለው ቃል ግን በተጣደፈ አፍና በሚቆራረጥ ኔትወርክ ስትመጣ ሙት ሆና ነው የምትደርሰው። ከኋላችን ደግሞ መቃብር ነው።

የኔታ ቀና አሉ። «ምን አለሽ?»

«የኔታ፣ እሱ እኮ...»

«ሙት ነሽ? በቁምሽ? በቀዳሚት ሰንበት፣ መቃብር አፋፍ ላይ አቁሞሽ ሙት ነሽ ይልሻል? አንተ አፈ ቢስ፣ እሷ በሕይወት ቆማለች፤ አንተ ነህ እዚያ ሣጥን ውስጥ ተዘግተህ የምትቀባጥረው» አሉና ሳልነግራቸው ከበሮውን በንዴት ደለቁት።

አጠገቡ ባለው ከበሮ ላይ ጤፉ ብድግ ብሎ ዘለለ።

ድምፄን ልከፍት ወደ ስልኩ ተንደረደርኩ። አበቃልኝ ብያለሁ፤ የተሰበሩት ወንበሮች ሲገቡ ታዩኝ።

«ተይው፣ አትክፈቺው» አለ ገዳሙ። ወደ ካሜራው ተጠግቶ ዓይኑ ብቻ ይታያል። «እኛ ምንም አልሰማንም። ጤፉ ግን ሰማ። እስቲ ድገሙት።»

ደገምነው። ከደምበጫ ሆና በስልክ አብራኝ የምትሰለጥን አንዲት መምህርት ሳቋ አመለጣት። ገዳሙም፣ «ተማሪ ድምፅን በዓይኑ ሲያየው አይረሳውም። አልፈሻል» አለኝ። ደስታዬን የት ላድርገው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሚውት ምን እንደሆነ ለየኔታ አስረዳኋቸው።

«እንግዲያ ያን ሁሉ የተናገርኩት አልተሰማም?»

«አንዲት ቃል አልተሰማችም፣ የኔታ።»

«ተመስገን» አሉ። ወዲያው ግን ቅር አላቸው። «ቢሆንም፣ የሣጥኗ ነገር ጥሩ ነበረች።»

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ያለ ብዙ ወሬ መለሰልኝ። የኔታ አሁንም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮክ ብለው፣ «ሙቷ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል።

«በሕይወት አለሁ፣ የኔታ» እላቸዋለሁ። «ጤፉ ምስክሬ ነው።»