ምልዓተ ጉባኤ በወፍጮ ቤት ደጃፍ

ታላቅ እህቴ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ወፍጮ የያዘችው የድሮው ሠራተኛ ድንገት ጥሎ በሄደ ጊዜ ነው። የያኔው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አግኝቷት፣ «ነይ እስቲ፣ ለጊዜው ያዢልን» አላት። ማስታወቂያ አልወጣ፣ ማንም አልተወዳደረ። ያ «ለጊዜው» እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስክመረቅ ድረስ ቆየ።

ዘንድሮ ኦዲተር መጥቶ ቅጥሩ ከደንብ ውጭ ነው አለ። ወይ ጠቅላላ ጉባኤው ቋሚ አድርጎ ያጽድቃት፣ ወይ በወሩ መጨረሻ ትሰናበት። ችግሩ ጉባኤው ነበር። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው፤ ስብሰባ ሲጠራ ግን አንዱን ጥርሱን ያመዋል፣ ሌላዋ እንግዳ ይመጣባታል። ሊቀመንበሩ ከባዶ ወንበሮች ጋር ተፋጦ ይቆይና፣ «ምልዓተ ጉባኤው እስኪሟላ ተላልፏል» ብሎ ይነሣል። እህቴ ከፀጉሯ ላይ ዱቄት እያራገፈች፣ «የሆነው ይሁን» ትላለች። አልፎ አልፎ ግን እራት ላይ ማንኪያዋን እንደያዘች ትፈዛለች።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ምሳዋን ይዤላት ስደርስ፣ አዲስ እንዲገዛ ሰው ተልኮ ነበር። እህል ይዞ የመጣ ሁሉ ተራው እንዳያመልጠው ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ሰልፉ አጥሩን ታክኮ አስፋልት ደርሷል። ሊቀመንበሩም መሀል ላይ አለ።

ወሬ ስለሚወዱ «አፈ ጉባኤ» የምንላቸው እማማ ተነሥተው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ሊቀመንበር!»

«አቤት እማማ።»

«ይሄ ሁሉ አባል አይደለም እንዴ? እስቲ ቁጠረን።»

«እንዴ እማማ፣ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ ስብሰባ?»

«ያለፈውን መች ዘጋኸው? እስኪሟላ ተላልፏል አልክ፤ ይኸው ሞላልህ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ግን ቆጠረ፤ ደግሞም ቆጠረ። ከግማሽ በላይ ነበሩ። ሁሉም ወደ በሩ ተሰበሰበ።

እህቴ ሮጣ ወደ ውስጥ ገባች። ተከትያት ስገባ ግድግዳ ተደግፋለች።

«አያልፍልኝም» አለች በሹክሹክታ። «ጋሽ ተቃውሞ አሉ።»

ጋሽ ተቃውሞ ያልተቃወሙት ነገር የለም፤ ስሙንም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የበሩን ቀለም እንኳ ተቃውመዋል፤ ሰውም ሰምቷቸው በሩ እስከ ዛሬ ሳይቀባ ቀርቷል።

«ቋሚ ትሁን የምትሉ!» ሲባል በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ብዙ እጆች ወጥተዋል። የጋሽ ተቃውሞ እጅ ግን ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«የሚቃወም?»

«አለሁ!» አሉ።

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«‹ለጊዜው› ብላችሁ የሰው ልጅ ይህን ያህል ማንጠልጠላችሁን ነው የምቃወመው። ነውር ነው! ድምፄን ለልጅቷ ጻፍልኝ።»

ጭብጨባው እህቴን ከግድግዳው አላቀቃት። አቅፋኝ ልብሴን ሁሉ ዱቄት አደረገችው።

ቺንጋው ሲመጣ ግን አዲስ ጠብ ተነሣ። ለስብሰባው ሲሉ ሰልፉን ስላፈረሱት ማን ከማን በፊት እንደነበር ጠፋ።

«ከእርስዎ ፊት ነበርኩ!» አሉ ጋሽ ተቃውሞ።

«በሕልምህ!» አሉ እማማ።

እህቴ፣ አንድም አባል እንዳይቀየማት ብላ እዚህ በር ላይ ጮክ ብላ ተናግራ የማታውቀው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ዝም! ሁላችሁም ወደየቦታችሁ! ተራ የምሰጠው እኔ ነኝ!»

ሊቀመንበሩ በግርግሩ ወደ ፊት ያስጠጋትን ጆንያ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ወይኔ» አሉ እማማ እየሳቁ፣ «ምነው ባላጸደቅናት!»