ጥላ ላይ የቀረው ከበሮ

ሙሆንጃ እንኳን ሰው ፊት ልትናገር፣ ስሟ ሲጠራ አቤት ማለት ጭንቋ ነው። የኬንያዋ ካካሜጋ ከተማ መጥታ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ፤ በሁለት ዓመት ያፈራችው ጓደኛ ኢማሊን ብቻ። አብረው የሚቀመጡበት አንድ ዴስክ፣ በእረፍት ሰዓት ለሁለት የሚገምሱት አንድ ማንዳዚ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ካለ ሌላው ዓለም ቢጠፋም ግድ አልነበራት።

ኢማሊ ከበሮ ቡድን ገባችና ማንዳዚው ከቡድኑ ልጆች ጋር መበላት ጀመረ። ነይ አንቺም ግቢ ብላ ደጋግማ ለምናታለች። ሙሆንጃ እምቢ እምቢ ብላ በመጨረሻ ከበሮ ማስጣቱን ብቻ እሺ አለች። ዝናብ በማያጣው አገር የከበሮ ቆዳ ይረግባል፤ ከመመታቱ በፊት ፀሐይ ካልሞቀ ድምፅ የለውም። አባት፣ እናትና ልጅ የሚባሉትን ሦስቱን ከበሮዎች አውጥታ ታሰጣለች፤ ሌሎቹ ሲለማመዱ እሷ ጥግ ቆማ ጭኗን ትመታለች። ትንሹን፣ ልጅ የሚሉትን፣ የምትመታው ኢማሊ ናት። የቡድኑ ልጆች ኢማሊ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው አብረዋት ሲስቁ የሙሆንጃ አንጀት ያራል። እንዲህ መሳቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ትላለች በሆዷ። ውሸቷን ነው፤ ቅናት ምን የማያስብለው አለ!

የውድድሩ ቀን ጠዋት አባትና እናትን ፀሐይ ላይ አሰጣች። ልጅን ይዛ ትንሽ ቆመችና ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ እርጥቡ ሣር ላይ በቆዳው ደፋችው። ኢማሊ ትምታውና ይሳቁባት። ያኔ ወደ ጋራ ዴስካቸው ትመለሳለች።

ተራቸው ሊደርስ ሦስት ትምህርት ቤት ሲቀር ወሬ መጣ፤ እናትን የምትመታው ልጅ ወባ ጥሏታል። ኢማሊ እናትን እኔ እመታለሁ አለች። ልጅንስ ማን ይምታ ሲሉ አስተማሪዋ ማዳም ኻሲያላ ጠየቁ።

«ሙሆንጃ» አለች ኢማሊ። «ጭኗ ላይ ስትመታው ስንት ሳምንት አይቻታለሁ። አንድ ቀን ስታ አታውቅም።»

ከበሮውን አስታቀፏት። መታችው፤ እርጥብ ጆንያ የተመታ መሰለ። ማዳም ፀሐይ አልሞቀም እንዴ ብለው ዙሪያውን ሲያዩ፣ ኢማሊ ቀደም ብላ ከፀሐይ ያነሳሁት እኔ ነኝ አለች።

ለእሷ ብላ መዋሸቷ ነው ሙሆንጃን የገደላት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ሁሉም እስኪሰማ። «ጥላ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ የምትመቺው መስሎኝ።»

ኢማሊ ቀና አለች። ሰማዩ ዳምኗል፤ ፀሐይ የለም። ከበሮውን ነጥቃት ቆዳውን በሹራቧ እጅጌ ትፈትገው ጀመር።

«ምን ትገተሪያለሽ? ያንን ጎን አሙቂ።»

ሁለቱ አጎንብሰው ፈተጉት። የትምህርት ቤታቸው ስም ሲጠራ ሙሆንጃ ግማሽ ድምፅ ማውጣት የጀመረውን ከበሮ ብብቷ ሥር ይዛ ከኢማሊ ኋላ ወደ መድረኩ ወጣች።